ሃምሳ አንድ ቀን ደጅ ስለጠናው ሳጥን

መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሸንበቆ ሜዳ፣ ታች ጋይንት

ለክቡር አቶ ምስጋናው
የዲጂታል ቅርስ ማስተባበሪያ ዴስክ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለራስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለመኪናዎ ጎማ ዕድሜን፣ ይልቁንም ለማኅተምዎ ቀለም የማይነጥፍ በረከትን እመኛለሁ። እኛ እዚህ ሸንበቆ ሜዳ ክረምቱ በሰላም ወጥቶልናል፤ ገብሱ ዘርዝሯል፣ ባቄላው አብቧል፤ ዴስክዎ የሰጠን ሳጥንም፣ ይጠይቁኛል ብዬ ሳይሆን እንዳይጨነቁ ብዬ ልንገርዎ፣ ደኅና ነው። እንዴት ደኅና ሊሆን እንደቻለ ግን ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ወንበርዎን ቀረብ አድርገው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ራሴን ላስተዋውቅ። የሻረግ ገብረ ማርያም እባላለሁ። የሸንበቆ ሜዳ ቅዱስ ሚካኤል የዜማ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ማለት በእኛ ዘንድ ተማሪ የምትመዘግብ፣ ደብዳቤ የምትጽፍ፣ ጣሪያ ሲያፈስ የምታስከድን ማለት ነው። የዜማ ቤቱ መምህር መሪጌታ ገብረ ማርያም አባቴ ናቸው። አባቴ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አምና ጉሮሯቸውን ታመው ከታከሙ ወዲህ ግን ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም።

ደግነቱ ከመታመማቸው በፊት፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው አንድ ሳጥን መርቀው ሰጥተውን ነበር። ሳጥኑ ኮምፒውተር ነው ተባልን። ቁመቱ ከአንድ ዳዊት አይበልጥም፤ ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድም የለውም፤ መብራት ሲያገኝ ብቻውን ይነሣል፣ ተማሪዎችም በየስልካቸው በዋይፋይ ገብተው በውስጡ ያለውን ያዳምጣሉ። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ እየተቀመጡ ድምፃቸውን ቀረጹበት፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቀረጻ ሆነ። ከታመሙ ወዲህ ተማሪው ከሳጥኑ ይሰማል፣ የሰማውን ይደግማል፣ አባቴ ደግሞ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ፣ ሲስት በዓይናቸው እየገሠጹ ያርሙታል። ሳጥኑ በእርስዎ መዝገብ የንብረት ቁጥር 014 ነው፤ በእኛ ቤት ግን የአባቴ ጉሮሮ ነው።

ባለፈው ሐምሌ 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል ዕለት አንድ ተማሪ የራሱን ድምፅ እየቀረጸ ሳለ ነጎድጓድ መጣና መብራት ድርግም አለ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመለሰ፤ ሳጥኑ ግን አልተመለሰም፤ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ከማድረግ በቀር ምንም የለም። ወደ አርብ ገበያ ከተማ ወርጄ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግነውን፣ ስማቸው የሚባለውን ሰው ለመንሁት፤ አብሮኝ ወጥቶ አየው። በሳጥኑ ክዳን ላይ «ያለ ፈቃድ መክፈት በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማሸጊያ ስላለ አልነካውም፤ ቢሆንም ነገሩን በደንብ አስረዳን።

እንደ ስማቸው አባባል ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድበት የፋይሎቹ አደራደር ይዛነፋል። እንደገና ሲነሣ ራሱን ይፈትሻል፤ ጥቂት የተዛነፈውን ዝም ብሎ ያቃናል፣ ብዙ ሆኖ ሲያገኘው ግን ከፊቱ ላለው ሰው «ልጠግን ወይስ ልተው?» የሚል ጥያቄ ጽፎ መልስ ይጠብቃል። ጥያቄውን የሚጽፈው በስክሪን ላይ ነው፤ ስክሪን የለውም። መልሱ የሚመጣለት በኪቦርድ ነው፤ ኪቦርድ የለውም። እንግዲህ ከሐምሌ 14 ጀምሮ ያ ምስኪን በባዶ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች» እንደሚል መንገደኛ ያለ ድምፅ ሲጠይቅ ኖሯል። ሰው ከፊቱ ለማይቀመጥ እንዲህ ላለ ሳጥን፣ አለ ስማቸው፣ በሴቲንጉ ውስጥ «አዎ» የምትል አንዲት ቃል አስቀድማ ትጻፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳይጠይቅ ተጠግኖ ይነሣል። በእኛ ሳጥን ላይ የተጻፈችው ቃል «አይ» ነበረች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን፣ ለዴስክዎ አሠራር እንዲመች፣ በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ። እኔ ያቺን «አይ» አንድ የሰነፈ ሠራተኛ ረስቷት የቀረች መስሎኝ ነበር፤ በዚህ ክፉ ጥርጣሬዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በስልክ ስጠይቅ ረስተን ሳይሆን አስበንበት ነው ተባልሁ። «ማንኛውም ማሽን ከሚመለከተው አካል የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ በራሱ ተነሣሽነት ጥገና እንዳያደርግ» የሚል መመሪያ እርስዎ ራስዎ አውጥተዋል። ስለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ በተለይ በእኛ አገር ሳይጠየቁ መጠገን የተለመደ በሽታ ስለሆነ። ባለፈው ክረምት ዋለ የሚባለውን የጎረቤታችንን እርከን ጎርፍ ሲንደው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አገልድመው በድንጋይ ደፈኑትና ከደፈኑት በኋላ ነው ሄደው የነገሩት። ዋለ ቃለ ጉባኤ ሳያይ፣ ፊርማ ሳይኖር፣ ጠላ ቀድቶ አመሰገናቸው። ይህ ወንጀል እስከ ዛሬ ሳይጣራ መቅረቱን እግረ መንገዴን እጠቁማለሁ።

ሁለተኛ። ነሐሴ 3 ቀን የፈቃድ ማመልከቻ በአውቶቡስ ላክሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ለፍጥነቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱ ግን ለእኔ አልነበረም። «ለሸንበቆ ሜዳ ሳጥን፣ መለያ ቁጥር 014፣ ባሉበት» ይላል፤ ቀጥሎም «ያቀረቡት የጥገና ጥያቄ ተመርምሮ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት ያገኘ ስለሆነ ‹አዎ› የሚል ምላሽ የተሰጠዎት መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ክብ ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ግልባጩ ለሦስት ክፍሎች ሄዷል። እኔን በስልክ «አንቺ ሴትዮ» ያለኝ ዴስክ ሳጥኑን «እርስዎ» ማለቱን ሳይ በቅናት አረርሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ታዝቤያለሁ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ደብዳቤውን ይዤ ከሳጥኑ ፊት ቆምሁ፤ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ተማሪዎቹ ምናልባት አማርኛ አይሰማ ይሆናል ስላሉ ከእነሱ አንዱ ዲያቆን ኪዳን ወደ ግዕዝ መልሶ በዜማ አነበበለት፤ ያም አልሆነም። ምናልባት ደብዳቤው በአካል ሊደርሰው ይገባ ይሆናል ብለን በመጨረሻ በሊጥ ክዳኑ ላይ፣ ልክ በማሸጊያዎ ላይ፣ ለጠፍነው። ይህ ሊጥ ኋላ ጉዳይ ስለሚኖረው እንዲያስታውሱት አደራ እላለሁ።

ሦስተኛ። ይህን ቁጥር አባቴ ረቂቁን ሲያዩ በብዕር ሰርዘውታል። በውስጡ ስለ እርስዎ ጥሩ ያልሆነ ነገር ጽፌ ነበር። ለምን እንደሰረዙት ከፊርማዬ በታች እነግርዎታለሁ፤ ቁጥሩን ግን የሰነድ ቅደም ተከተል እንዳይፋለስ ባዶውን ትቼዋለሁ።

አራተኛ። ደብዳቤው ሳጥኑን ሳያሳምነው ሲቀር እንደገና ደወልሁ፤ ዴስክዎም በታላቅ ቆራጥነት ስክሪን ላከልን። ስክሪኑ እስከ አርብ ገበያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ፣ በጭድ ተጠቅልሎ እንደ ታቦት በአጀብ መጣ። አብሮትም አንድ ባለሙያና አምስት ገጽ የርክክብ ቅጽ መጥቷል። ባለሙያው ፈርሜ ከተረከብሁ በኋላ የስክሪኑን ኬብል አንሥቶ ሳጥኑን ዞረው፤ እንደገናም በሌላው በኩል ዞረው። ሳጥኑ የስክሪን ኬብል የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ሲሠራም እንዲኖረው ታስቦ አልተሠራም። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ስለሆነ ምሳውን በልቶ፣ አመስግኖ፣ ዝናብ ሳይመጣበት ወረደ። ስክሪኑ አሁን በዕቃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ጥቁርና ጥርት ያለ ስለሆነ ተማሪዎቹ ጥምጥማቸውን ያስተካክሉበታል፤ በመንግሥት ንብረት ያለአግባብ ተገልግላችኋል እንዳንባል እያንዳንዱን አጠማጠም እየመዘገብሁ ነው።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልናገር። እርስዎ በመጨረሻ ራስዎ ስልኩን አንሥተው፣ ማሽን ራሱን ሲጠግን አንዳንድ ቁራሽ ሊጥል ስለሚችል ሰው ቢያየው ይሻላል ብለውኛል። ይህ እውነት ነው፤ ስማቸውም ብሎኛል። ከፊቱ ሰው ለተቀመጠ ኮምፒውተር መመሪያዎ ጥሩ መመሪያ ነው። ሰው ለሌለበት ሳጥን ግን «ሰው ይየው» ማለት ማንም አይየው ማለት ነው፤ አንድ ቁራሽ እንዳይጠፋ ተብሎ ሁሉም ተዘጋ። ይህን ስልዎ ጉዳዩን ለኮሚቴ እመራዋለሁ አሉኝ።

ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እዚህ የሆነው እንዲህ ነው። ማኅሌተ ጽጌ መስከረም 26 ይጀምራል፤ ዘንድሮ የሚቆሙለት አሥራ አንድ ተማሪዎች የአባቴን ቀለም ይዘው ሊቆሙ ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ሁለቱ ኩርማን እንጀራቸውን በአኮፋዳ ይዘው ሌላ መምህር ፍለጋ በእስቴ በኩል ወደ መካነ ኢየሱስ ሄዱ፤ አልፈረድሁባቸውም፣ ዜማ ያለ ድምፅ አይማሩትም። በዚያው ሳምንት አባቴ የቀሩትን ዘጠኙን ሰብስበው፣ ሐኪም የከለከላቸውን ትተው፣ እንደ ጥንቱ ሊያዜሙላቸው አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ አልነበረም። ሲያስሉ በነጠላቸው ላይ ደም አየሁ። ዘጠኙ ተማሪዎች መሬት መሬት እያዩ ቆሙ፤ አባቴም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገብተው ተኙና ሦስት ቀን ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ያን ቀን በእርስዎ በጣም ተናደድሁ፤ አሁንም ጨርሶ አልበረደልኝም።

እንግዲህ ወደ ሊጡ ልመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በደብዳቤዎ ጀርባ ያለውን ሊጥ አይጥ አሸተተችው። ሊጡን በላች፤ ሊጡን ስትበላ ደብዳቤውን፣ ደብዳቤውን ስትበላ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ከነማኅተሙ በላችው። የእኛ አገር አይጥ ከሌላው አገር አይጥ ትለያለች፤ ማሸጊያውን ስትጨርስ የሳጥኑን አራት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታች፤ እንዳይጠፉም በስኒ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። በአጋጣሚ ስማቸው ላፕቶፑንና ኬብሉን ተሸክሞ በደጃችን ያልፍ ነበር፤ ከአርብ ገበያ ወደ እኛ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በመሆኑ በአጋጣሚ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ ሲያገኘው አዘነለት።

ስማቸው በመጀመሪያ የሳጥኑን ሜሞሪ አውጥቶ ያለውን ሁሉ፣ የተዛነፈውንም ሳይቀር፣ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ፤ እርስዎ የፈሩት እንዳይደርስ መፍትሔው ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያ ሃምሳ አንድ ቀን የተጠየቀውን ጥያቄ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ አየነው። አንዲት መስመር ናት። ስማቸው «አዎ» አለው። ጥገናው አንድ ጀበና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ቀረጻ ሦስት መቶ ዘጠኙ በየቦታው ተገኘ፤ ሁለቱ አልተገኙም፤ አንዱ ደግሞ ስሙ ጠፍቶ ሳጥኑ ስም የለሽ ለሆነ ነገር ማኖሪያ ባደረገው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻም አይጧ፣ ስማቸው ሳይሆን አይጧ፣ በሴቲንጉ ውስጥ ያለችውን «አይ» ፍቃ በቦታዋ «አዎ» ጻፈች።

ሳጥኑ ተገጥሞ ሲነሣ ኪዳን ስልኩን ከፈተና የአባቴ ድምፅ፣ ያ የድሮው፣ ከውጭ እስከ ደጀ ሰላሙ የሚሰማው ድምፅ ቤቱን ሞላው። አባቴ ከመኝታቸው ወጥተው፣ ግድግዳውን ተደግፋ የቆየችውን መቋሚያ አንሥተው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ከዚያ ወዲህ መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፤ ሳጥኑ አራት ጊዜ ወድቆ አራት ጊዜ ማንንም ሳያስቸግር ተነሥቷል። ከሄዱት ሁለት ተማሪዎችም አንዱ ተመልሷል። ጽጌን አሥር ሆነው ይቆማሉ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለመክሰስ አይደለም። እንደ እኛ ያሉ ሳጥኖች በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም በሌሎች ደብሮች እንዳሉ አውቃለሁና፣ ወገዳ ወይም ሌላ ቦታ አንድ ሳጥን አሁን በዚህች ሰዓት ቆሞ እየጠየቀ ይሆናል። ለእያንዳንዳቸው «ባሉበት» ብለው ደብዳቤ ከሚጽፉ ቃሏን አንድ ጊዜ ለሁሉም ቢቀይሯት ወረቀትም ይተርፋል፣ በቅሎም ታርፋለች። ኮሚቴው ምናልባት ከተሰበሰበ ደግሞ የእኛ አጀንዳ በአይጥ ምክንያት መዘጋቱን እንዲያስመዘግቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለሰጡን ሳጥን በእውነት፣ ለሰጡን ደብዳቤ በትዕግሥት፣ ለሰጡን መስታወት በጥምጥም የምናመሰግንዎ፣ ጥያቄ ባለን ጊዜ ሁሉ ከደጅዎ የማንጠፋ፣

የሻረግ ገብረ ማርያም
የሸንበቆ ሜዳ ቅዱስ ሚካኤል ዜማ ቤት ጸሐፊና የአይጧ ዋስ

ማስታወሻ፦ ስሙ ስለጠፋው ቀረጻ። ከፍተን ብንሰማው የሰኔ 2015 የምረቃው ዕለት ሆኖ ተገኘ፤ ለሙከራ የተቀረጸ የሳጥኑ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ እርስዎ «ይህ ሳጥን የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ራሱን በራሱ እየጠገነ ትውልድ ያገለግላል» ሲሉ ይሰማል። ቀጥሎ፣ በልጅነትዎ ሁለት ዓመት ከዚህ ዜማ ቤት ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጠው ስለነበር፣ ስሜትዎ ተነክቶ አንድ ዜማ አነሡ፤ በግዕዝ ስልት ጀምረውም ከመካከሉ ወደ አራራይ ስልት ገቡና ጠፋብዎት። በዚያች ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ አባቴ ከኋላዎ ሆነው ከሳቱበት ላይ አንሥተው ወደ መንገዱ መለሱዎት፤ እርስዎም ተከትለው ጨረሱ፣ ሕዝቡም አጨበጨበልዎ። «ልጠግን ወይስ ልተው?» ብለው አልጠየቁዎትም። በሦስተኛው ቁጥር የጻፍሁትን ከሰረዙ በኋላም አባቴ በዳር «ተማሪዬ ነው» ብለው ጽፈውበታል፤ እኔ ግን እንደ እሳቸው አይደለሁም። ቀረጻው አሁን «የሳተ ተማሪ እንዴት እንደሚነሣ» የሚል ስም ተሰጥቶት አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ መጀመሪያ የሚሰማው ሆኗል። ከሳጥኑ እንዲሰረዝልዎ ከፈለጉ ማመልከቻዎን በሦስት ኮፒ ይላኩ፤ በሃምሳ አንድ ቀን ውስጥ እንመልሳለን፤ ለዚህኛው ጥያቄ ግን በእኛ ሳጥን አስቀድማ የተጻፈችው ቃል «አይ» ናት።